ከጉሎ ዘይት ስለሚሠራ ስፖንጅ፤ ለአስመጪና ለባለሱቅ የሚጠቅም ትምህርት

በጅጅጋ ከተማ ፍራሽ በሚሸጥበት ተራ የሚያልፍ ሰው ከወለል እስከ ጣራ የተደረደረውን ስፖንጅ ሲመለከት ብዙ ሀብት የተከማቸ ይመስለዋል። ነገሩ በሚዛን ሲታይ ግን ከዚያ ክምር መጠን ከመቶው ዘጠና ስምንት ያህሉ አየር ነው። ነጋዴው ገዝቶ የሚያጓጉዘው፣ ቀረጥ ከፍሎበት ለገበያተኛ የሚያቀርበው፣ በእጅግ ቀጭን ግድግዳ ታስሮ የተያዘ አየር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዋጋ የሚወጣበት ያ ቀጭን ግድግዳ ነው፤ እርሱም ከፔትሮል ዘይት በሚወጡ ኬሚካሎች ሲሠራ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የውጭ አቅራቢዎች በሚልኩት የዋጋ ዝርዝር ላይ «ከእፅዋት የተሠራ» የሚል ቃል መታየት ጀምሯል፤ ቃሉም ባለበት ስፍራ ሁሉ ዋጋው ከፍ ይላል። ይህ ቃል ምን ያህል እውነት እንዳለው፣ ለአገራችን ገበሬና ነጋዴስ ምን ጥቅም ሊያስገኝ እንደሚችል መርምሮ ማወቅ የሚገባ ነው።

ስፖንጅ የሚለው ስም በመጀመሪያ የሚጠራው ከባሕር የሚወጣውን ባለ ብዙ ቀዳዳ እንስሳ ነበር። ሰው በብልሃቱ እርሱን መስሎ የሠራው የጎማ ስፖንጅ በንግድ መልክ የታወቀው የእንግሊዙ የደንሎፕ ኩባንያ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1929 የጎማን ዛፍ ወተት እንደ እንቁላል መትተው አረፋ ካደረጉት በኋላ በሙቀት ሲያረጉት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው የፋብሪካ ስፖንጅ ራሱ ከዛፍ የተገኘ ነበር ማለት ነው። በአገራችንም ስፖንጅ ከመምጣቱ በፊት ሰው የሚተኛው ጥጥ፣ ሣር ወይም ጭድ በተሞላ ፍራሽ፣ ወይም በቁርበት ላይ ነበር። የሶማሌ አርብቶ አደርም ገሎል ከሚባለው ግራር ልጥ ክር አውጥቶ የሚሠራው ምንጣፍ ለቤት ክዳንና ለመኝታ፣ ለግመል ጀርባም መደላድል ሆኖ ያገለግላል። ቀላል መሆኑና አየር መያዙ ነው ጥቅሙ፤ የዛሬው ስፖንጅም የሚፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስፖንጅ እንዴት እንደሚነፋ ለማስረዳት ከእንጀራ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሊጡ ሲቦካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፤ ምጣዱ ላይ ሲፈስ ጋዙ በሙቀት እየሰፋ ሊጡን ቀዶ ይወጣል፤ በዚያው ቅጽበት ሊጡ ስለሚረጋ የወጣበት መንገድ ዐይን ሆኖ ይቀራል። በጅጅጋ ቤቶች ጠዋት ጠዋት የሚጋገረው ላሖሕም ያው ነው። በፋብሪካም የሚሆነው እንዲሁ ሲሆን ልዩነቱ በሊጡ ላይ ነው። ሁለት ፈሳሾች ይቀርባሉ፤ አንደኛው ፖሊዮል፣ ሁለተኛው አይሶሲያኔት ይባላል። ሁለቱ ሲገናኙ ተያይዘው ፖሊዩሬቴን የሚባለውን ጠጣር ነገር ይሠራሉ። በመካከላቸው ጥቂት ውሃ ሲጨመር ውሃው ከአይሶሲያኔቱ ጋር ተዋህዶ ያንኑ የእንጀራውን ጋዝ ያወጣል፤ ድብልቁም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከነበረበት ከሠላሳ እጥፍ በላይ አድጎ ይቆማል። ዐይኑ ክፍት ሆኖ አየር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍ ከሆነ ለስላሳ የፍራሽ ስፖንጅ ይሆናል፤ ዐይኑ ዝግ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ለማቀዝቀዣና ለጣራ የሚሆነው ደረቁ ዐይነት ይገኛል።

ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን አገር በሌቨርኩዘን ከተማ ያገኘው ኦቶ ባየር የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሥራው ውስጥ አረፋ ሲገኝ እንደ እንከን ይቆጠር ነበር፤ በኋላ ግን እንከኑ ራሱ ሸቀጥ ሆኖ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ።

እፅዋት የሚገቡት በፖሊዮሉ በኩል ነው። አይሶሲያኔቱ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ከፔትሮል ዘይት የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ማንም አቅራቢ ሙሉ በሙሉ ከእፅዋት የተሠራ የፖሊዩሬቴን ፍራሽ አለኝ ቢል ቃሉን በጥርጣሬ መመልከት ይገባል። ፖሊዮል ለመሆን አንድ ዘይት ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩበት፣ አይሶሲያኔቱ የሚይዘው መያዣ በሰውነቱ ላይ ሊኖረው ያስፈልጋል። የኑግ፣ የሰሊጥ፣ የሱፍና የአኩሪ አተር ዘይት እንደ ተፈጥሮው ይህ መያዣ የለውም፤ ስለዚህ በፋብሪካ በሌላ ኬሚካል ታክሞ መያዣ እንዲያወጣ ይደረጋል። አሜሪካዊው የፎርድ ኩባንያ ከአኩሪ አተር ዘይት በዚህ መንገድ የተዘጋጀውን ስፖንጅ እ.ኤ.አ. በ2008 ሞዴል ሙስታንግ መኪና መቀመጫ ውስጥ አግብቶ ጀምሯል።

በመስክ ላይ የሚገኘው ሆኖ ያለ ብዙ ሕክምና መያዣውን ከተፈጥሮው ይዞ የሚወለደው ዋናው ዘይት የጉሎ ዘይት ነው። ከቅባቱ ከመቶው እስከ ዘጠና የሚደርሰው ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሰንሰለቱ ላይ ያ የሚፈለገው መያዣ አለበት። ስለዚህ የጉሎ ዘይት ተጣርቶና ደርቆ እንደ ወጣ ከአይሶሲያኔት ጋር ሊዋሃድ ይችላል። ሆኖም ጉድለት አለበት። ውህደቱ ዘገምተኛ ነው፤ ብቻውን ሲሠራበትም ስፖንጁ ጠንከር ያለና ዐይኑ በቶሎ የማይከፈት ይሆናል። ለስላሳ ፍራሽ የሚፈልግ ፋብሪካ የፖሊዮሉን ከፊል ብቻ በጉሎ ይተካል፤ የቀረውን የተለመደውን ያደርጋል። ለደረቁ ስፖንጅ ግን ይህ ጠንካራነት እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

ስለ ደረቁ ስፖንጅ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በማቀዝቀዣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ስፖንጅ የሚሠራበት ፖሊዮል በብዙ ፋብሪካ የሚጀምረው ከስኳር ነው። ስኳሩ ብዙ መያዣ ስላለው ሰንሰለቶቹን ከየአቅጣጫው አስሮ ስፖንጁን ያጠነክረዋል። ባለሱቁ ፍሪጅ በሸጠ ቁጥር ሳያውቀው ጥቂት ስኳር አብሮ ይሸጣል ማለት ነው። ይህ ዐይነቱ ስፖንጅ ሙቀት እንዳያልፍ በማገድ ከሚታወቁት ሁሉ ከፊተኞቹ ተርታ ነው። ከጅጅጋ ዙሪያ ተሰብስቦ በጄሪካን ለገበያ የሚጓዘው የግመል ወተት በየመንገዱ ምን ያህል እንደሚበላሽ ለሚያውቅ ነጋዴ፣ በደረቅ ስፖንጅ የተለበጠ ሣጥን ከፍራሹ ንግድ ይልቅ የበለጠ ሊታሰብበት የሚገባ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ጉሎው እንመለስ። ጉሎ፣ በኦሮምኛ ቆቦ የሚባለው፣ መነሻው ምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሆነ የእፅዋት ሊቃውንት ይናገራሉ፤ ኢትዮጵያንም ከጥንት መገኛዎቹ አንዷ አድርገው ይቆጥሯታል። በአገራችን ያልዘሩት በየአጥሩ ሥር፣ በየወንዙ ዳርና በየቆሻሻ መጣያው ይበቅላል። እናቶች ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል፤ ቆዳ አልፊዎችም ቆዳ ያለሰልሱበታል። ዝናብ ሲያንስ ከበቆሎና ከስንዴ የበለጠ ይችላል። ይህ ሁሉ እያለ የዓለም የጉሎ ዘይት ንግድ የሚመራው ከሕንድ አገር፣ በተለይም ከጉጅራት ክፍለ አገር ነው፤ ለገበያ ከሚወጣው ዘይት አብዛኛው ከዚያ ይነሣል። ከዘይቱም መድኃኒትና ሳሙና ብቻ ሳይሆን ናይሎን 11 የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ፣ የማሽን ቅባት፣ ቀለምና ቫርኒሽ፣ እንዲሁም የስፖንጅ ፖሊዮል ይሠራል።

በእኛም አገር ጉሎን በሰፊው ለማልማት ተሞክሮ ነበር፤ የተሞከረውም ከጅጅጋ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያ በምሥራቅ ሐረርጌ በፈዲስና በአካባቢው ጉሎ ለመዝራት መሬት ወሰደ። ዓላማው ስፖንጅ ሳይሆን የመኪና ነዳጅ ነበር። ከተሰጠው መሬት ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1970 በተቋቋመው በባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ክልል ውስጥ ሆኖ ስለ ተገኘ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ሥራውም እንደ ታሰበው ሳይገሠግሥ ቀረ። በዚያው ዘመን በወላይታም ገበሬዎች በውል ጉሎ እንዲዘሩ ተደርጎ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጉሎ መጥፎ ተክል ነው የሚል አይደለም። ነዳጅ በሊትር የሚሸጥ፣ ዋጋው የረከሰ ዕቃ ነው፤ የጉሎ ዘይት ግን በኬሚካልነቱ ከነዳጅ የሚበልጥ ዋጋ የሚያወጣ ነው። ውዱን ዕቃ በርካሹ ገበያ ለማቃጠል መነሣት በሒሳብ ረገድ ገና ከጅምሩ የተዛባ ነበር። እህል የሚበቅልበትን መሬትና የዱር አራዊት መሸሸጊያን ለዚህ መስጠት ደግሞ ሁለተኛው ስሕተት ነው።

እንግዲህ ጉሎው ለስፖንጅ ቢውል ምን ያህል ይፈለጋል? ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ20፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍራሽ 0.342 ሜትር ኪዩብ ነው። በአንድ ሜትር ኪዩብ 20 ኪሎ የሚመዝን ስፖንጅ ከሆነ ፍራሹ 7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከዚህ ክብደት ፖሊዮሉ ከመቶ ስድሳ ቢሆን 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነው፤ ሩቡ በጉሎ ዘይት ቢተካ ለአንድ ፍራሽ የሚያስፈልገው ዘይት 1 ኪሎ ብቻ ነው። የጉሎ ፍሬ ከክብደቱ ከአርባ እስከ አምሳ በመቶ የሚሆን ዘይት ስላለው፣ ዝቅተኛውን ብንወስድ 2 ኪሎ ተኩል ፍሬ ለአንድ ፍራሽ ይበቃል። አሥር ሺህ ፍራሽ የሚሠራ ፋብሪካ ቢኖር 250 ኩንታል ፍሬ ይፈልጋል፤ ከአንድ ሄክታር 10 ኩንታል ቢገኝ 25 ሄክታር መሬት ያመርተዋል።

ይህ ሒሳብ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛው፣ የአንድ ትልቅ ፋብሪካን ፍላጎት በየአጥሩ ከሚለቀመው ጉሎና ከጥቂት ገበሬዎች ማሳ ዳርቻ ማሟላት እንደሚቻል ነው፤ ሰፊ መሬት መመንጠር አያስፈልግም። ሁለተኛው ደግሞ፣ የስፖንጅ ገበያ ብቻውን አንድን ወረዳ ሊያበለጽግ አይችልም። ገበሬን «ዝራ፣ ፋብሪካው ሁሉን ይገዛሃል» ብሎ ያለ ውል የሚያነሣሣ ደላላ ካለ ይህን ቁጥር አላየውም፣ ወይም አይቶ ደብቆታል። ጉሎ የሚሰበስብ ነጋዴ ዘይቱን ለሳሙና፣ ለቀለምና ለቆዳ ሥራም የሚሸጥበትን በር አስቀድሞ መክፈት አለበት። ዘይቱም ለስፖንጅ እንዲሆን በእጅ መጭመቂያ የወጣው ድፍርስ አይበቃም። ውሃው ከሞላ ጎደል ፈጽሞ መውጣት አለበት፤ የቀረ ውሃ ሁሉ አይሶሲያኔቱን እየበላ ያልተፈለገ ጋዝ ይፈጥራልና። አሲዱም ዝቅተኛ መሆን ይገባዋል። ማጣሪያና ማድረቂያ የሌለው ሰው ፍሬውን እንጂ ዘይቱን ለፋብሪካ ለመሸጥ ባይጀምር ይሻለዋል።

ከብት በሚረባበት አገር ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባው ግን ስለ ፋጉሎው ነው። በጉሎ ፍሬ ውስጥ ሪሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለ። ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ በዘይት ስለማይሟሟ ከዘይቱ ጋር አይወጣም፤ በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። የኑግና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ለከብት መኖ መሸጥ ስለ ለመደ፣ የጉሎውንም እንደዚያው አድርጎ በጆንያ ሞልቶ ገበያ የሚያወጣ ሰው የጎረቤቱን በግ፣ ፍየልና ግመል ሊጨርስ ይችላል። ፍሬውን ያኘከ ሕፃንም ለሞት የሚያደርስ አደጋ ይገጥመዋል። በሙቀት በደንብ ከታከመ መርዙ ይከሽፋል፤ ነገር ግን ይህ በላቦራቶሪ ተረጋግጦ የሚሠራ ሥራ ስለ ሆነ ለባለሱቅ የሚተው አይደለም። በሕንድ አገር ፋጉሎው ለመሬት ማዳበሪያነት ይሸጣል፤ እዚህም ቢሆን መንገዱ ያው ነው። ጆንያው ላይ በአማርኛም በሶማልኛም በኦሮምኛም «መርዝ ነው፣ ለከብት አይሰጥም» ተብሎ በትልቁ ቢጻፍ፣ ውሻ እንኳ ቆፍሮ እንዳይበላው ከአፈር ጋር በደንብ ቢደባለቅ መልካም ነው። በዚህ ላይ የሚደረግ ቸልተኝነት በገንዘብ የሚካስ አይሆንም።

አይሶሲያኔት የማይፈልግ ሌላ መንገድም አለ። ይኸውም ቆዳ ከሚለፋበት ከዛፍ ልጥ ከሚወጣው ታኒን የሚሠራ ደረቅ ስፖንጅ ነው። ታኒኑ ፉርፉሪል አልኮል ከሚባል ሌላ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ጥቂት አሲድ ሲጨመርበት በራሱ ሙቀት ይነፋል። መልኩ ጥቁር ቡናማ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነው፤ ለፍራሽ አይሆንም። ግን እሳት በቀላሉ አይዘውም፤ ሙቀትም ያግዳል። ፉርፉሪል አልኮሉም ከእፅዋት ነው፤ ከበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከአጃ ገለባና ከሸንኮራ አገዳ ገፈራ ከሚወጣው ፉርፉራል ይሠራል። ፉርፉራልን በፋብሪካ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 የአሜሪካው ኩዌከር ኦትስ ኩባንያ ነው፤ የአጃ ገለባው ክምር መጣያ አሳጥቶት ነበርና።

በእኛ አገር የሁለቱም መነሻ አለ። በአማራ ክልል በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳቸው ተክለው ከሰል እያከሰሉ ይሸጣሉ። የዚህ ዛፍ የቅርብ ዘመድ በደቡብ አፍሪካና በብራዚል የሚተከለው ለልጡ ታኒን ነው። የሸንኮራ ገፈራም ከወንጂ ጀምሮ በየስኳር ፋብሪካው ይገኛል፤ ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለማሞቂያ ስለሚያነድዱት ትርፉ ብቻ ነው ሊታሰብ የሚገባው። በሲቲ ዞን ከሽንሌ እስከ ኤረር የግጦሹን መሬት የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍም እንጨቱ ለፉርፉራል የሚሆን ስኳር በውስጡ ያለበት ነው። ዛፉን ለመደምሰስ ከሚወጣው ወጪ ጥቂቱን በዚህ መንገድ መመለስ የሚቻል መሆን አለመሆኑን ዩኒቨርሲቲዎች፣ የጅጅጋውም ጭምር፣ ቢመረምሩት አርብቶ አደሩም ነጋዴውም ይጠቀማሉ። እስከዚያው ድረስ ግን ይህ የላቦራቶሪ ነገር እንጂ የሱቅ ዕቃ አይደለም።

የጫማ ነጋዴዎች ደግሞ ስለ ሸንኮራ ስፖንጅ ሳይሰሙ አይቀሩም። የብራዚሉ ብራስኬም ኩባንያ ከሸንኮራ አልኮል ፕላስቲክ ማውጣት ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ኦልበርድስ የተባለው ኩባንያ ለጫማ ሶል የሚሆን ስፖንጅ ከዚሁ ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል። ለዕቃ ማሸጊያ የሚሆነውም ከስታርች የሚነፋው ስፖንጅ ከ1990 ገደማ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ይህ የመጨረሻው በእርጥበት መጋዘን ዋጋ የለውም፤ ነገር ግን ነፋስ የሚበትነው ነጭ ማሸጊያ በየሜዳው ለሚከማችባቸው ለጅጅጋ፣ ለቀብሪበያህና ለአውበሬ ከተሞች መሟሟቱ በጎ ጠባይ ነው።

ስለ ማጓጓዣ ሒሳብ ትንሽ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ የአስመጪ ትርፍና ኪሳራ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 67 ሜትር ኪዩብ ያህል ይይዛል። ያልታሸ ስፖንጅ ቢሞላበት ክብደቱ 1,340 ኪሎ ብቻ ነው፤ ኮንቴይነሩ ግን ከ25 ቶን በላይ ሊሸከም ይችል ነበር። በአንጻሩ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 80 በርሜል ይይዛል፤ ይኸውም 17 ቶን ያህል ኬሚካል ነው። ይህ ኬሚካል ተነፍቶ፣ በጋዝ መልክ የሚያመልጠውና ከዳር የሚቆረጠው ሲቀነስ፣ 750 ሜትር ኪዩብ ያህል ስፖንጅ ይወጣዋል፤ ይህም ባለ 40 ጫማውን ኮንቴይነር አሥራ አንድ ጊዜ ይሞላል። በቫኪዩም ታሽቶ የሚጠቀለለው ፍራሽ ልዩነቱን ያጠብበዋል እንጂ አያጠፋውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ፋብሪካዎች ኬሚካሉን አስመጥተው ስፖንጁን እዚህ የሚነፉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ እስከ ጅጅጋ የሚመጣው ፍራሽ ግን በጭነት መኪና አየር ተሸክሞ የሚጓዝ ነው። ከበርበራ ወደብ በቶጎ ውጫሌ በኩል ያለው መንገድ ለጅጅጋ ይቀርባል፤ ድንበሩ ከከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በክልሉ ሰሜን ክፍል ስፖንጅ የሚነፋ አንድ መካከለኛ ፋብሪካ ቢቋቋም፣ ኬሚካሉ በሕጋዊ መንገድ በበርሜል ገብቶ፣ የፖሊዮሉ ከፊል ከሐረርጌና ከፋፋን ገበሬ በሚገዛ ጉሎ ቢተካ፣ ከማጓጓዣውም ከውጭ ምንዛሪውም ይተርፋል። ከላይ በተቀመጠው ሒሳብ ጉሎው የሚያድነው ከጠቅላላው ኬሚካል ክብደት አሥራ አምስት በመቶውን ብቻ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ ትልቁ ቁጠባ የሚገኘው ከማጓጓዣው ነው። ይህም ሥራ በጓሮ የሚሞከር አይደለም። አይሶሲያኔት ሳንባን የሚጎዳ፣ አንዴ የተጎዳበትን ሰው ጥቂት ሽታው እንኳ አስም የሚያስነሣበት ኬሚካል ነው። ለፍራሽ የሚውለው ዐይነት በተለይ በቀላሉ ስለሚተን፣ አየር የሚስብ መሣሪያና የሠለጠነ ሠራተኛ የሌለው ሰው በርሜሉን መክፈት የለበትም።

ለጊዜው ከውጭ ወይም ከመሐል አገር ፍራሽ የሚያስመጣ ነጋዴ ምን ይጠይቅ? «ከእፅዋት የተሠራ» የሚለውን ቃል የሚያጣራ ሳይንሳዊ መንገድ አለ። በሕይወት ያለ ተክል ሁሉ ካርቦን 14 የሚባለውን ከአየር ይወስዳል፤ ይህም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ፔትሮል ዘይት በምድር ውስጥ ሚሊዮን ዓመታት ስለ ቆየ ከዚህ አንዳች አልቀረበትም። ስለዚህ ከስፖንጁ ቁራጭ ተቃጥሎ ካርቦን 14 ቢለካ፣ ከካርቦኑ ስንቱ ከተክል፣ ስንቱ ከፔትሮል እንደ መጣ ይታወቃል። የምርመራው ደንብ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ዲ 6866 ይባላል፤ አስመጪው የዚህን ምስክር ወረቀት ከነቁጥሩ ለመጠየቅ መብት አለው። ሲጠይቅም ቁጥሩ የፖሊዮሉ ነው ወይስ ያለቀለት ስፖንጅ ብሎ ይለይ። አንድ አቅራቢ ፖሊዮሉ ሃያ አምስት በመቶ ከጉሎ ነው ሲል እውነት ይናገር ይሆናል፤ ፍራሹ ግን ከላይ እንደ ታየው አሥራ አምስት በመቶ ነው። ባለሱቁም ይህን ሳያውቅ ለገበያተኛው «ይኸ የተፈጥሮ ነው» ብሎ ቢሸጥ የአቅራቢውን ቃል በራሱ አፍ መድገሙ ነው።

የዕቃውን ጥራት ለማወቅ ግን ከእፅዋትነቱ ይልቅ ክብደቱ ይበልጣል። ሚዛንና ሜትር በእያንዳንዱ ሱቅ አለ። ከላይ የተጠቀሰው ልክ ያለው ፍራሽ 7 ኪሎ ሳይሆን 5 ኪሎ ቢመዝን፣ በሜትር ኪዩብ ከ15 ኪሎ በታች የሆነ ቀላል ስፖንጅ ነው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ በወገብ በኩል ይጎደጉዳል። አንዳንዶች ደግሞ ክብደት ለመጨመር የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጨምሩበታል። ይህ የሚታወቀው ጥቁር ጨርቅ ላይ ቁራጩን አጥብቆ ሲያሹት ነጭ ብናኝ ሲተው፣ ወይም ለአሥር ደቂቃ በከባድ ነገር ተጭኖ ሲለቀቅ እንደ ነበረው ሳይመለስ ሲቀር ነው። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ስፖንጅ ቢጫ መሆኑ የሁሉም ጠባይ ነው፤ ከጉሎ ቢሠራም ያው ስለ ሆነ ለማሳያ የሚወጣው አንድ ብቻ ይሁን።

ከእፅዋት መሠራቱ ከእሳትም አያድነውም። የጉሎ ዘይት ስፖንጅ እንደ ሌላው ይነዳል፤ ሲነድም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባሉትን ገዳይ ጋዞች ያወጣል። ጭሱን ጥቂት ጊዜ የሳበ ሰው ከእሳቱ በፊት ይወድቃል። ስለዚህ ስፖንጅ የተከማቸበት ሱቅ ውስጥ ጀነሬተር አይቀመጥ፣ ሻይ አይፈላ፣ ሲጋራም አይለኮስ። ክምሩ ከአምፑልና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ይራቅ፤ ወደ በሩ የሚወስደው መተላለፊያም ዕቃ ሳይደረደርበት ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆይ። ሌሊት በሱቁ ውስጥ ዘበኛ የሚያድር ከሆነ መኝታው ከክምሩ ኋላ ሳይሆን በበሩ በኩል መሆን አለበት።